ጋፋትን ያየሁ ጊዜ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል መንደር አለ። ብርዳም፥ ሣሩ ለምለም፥ ለዓይን የሚያምር ደጋ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ባልንጀሮቹን አስቀምጠው፥ ብዙ ያገር ሰው ጨምረው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያሠሩት በዚሁ ስፍራ ነው። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት በሰው ጉልበት እየተጎተተ፥ በጋይንትና በጨጨሆ አልፎ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ነው።

እኔ የጋይንት ልጅ ነኝና በዚህ ታሪክ እኩራራ ነበር። ጋፋት ሄጄ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ግን ያላሰብሁት ነገር ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ አባቴ የደነዘ ማረሻ አሸክሞ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ላከኝ። እኩያዬ የሆነው ልጁ ወናፍ ይነፋል። ሥራውን ተወት አድርጎ በቅል ውሃ አመጣልኝ። እኔም ቡዳ ናቸው ሲባል ሰምቼ ነበርና ፊቱ ላይ እያየሁት ውሃውን ደፋሁት። ማረሻውን ግን አልደፋሁትም፤ አባቴ በማግሥቱ ገብስ አረሰበት፥ እኔም የዚያን ዓመት እንጀራ በላሁ። መቼም የሚገርም ነው፤ ወርቁን ባንገታችን እያንጠለጠልን አንጥረኛውን ከማዕዳችን እናርቃለን።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ እኛ ዘንድ አልደረሰም እንዳልል፥ እኔ ተወልጄ ውሃ እስክደፋ ድረስ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

ከጋፋት ስመለስ ነፋስ መውጫ ወረድሁና የቀጥቃጩን ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት። ሸብቷል። አላወቀኝም። አንድ ማጭድ ገዛሁና ውሃ ለመንሁት። ትክ ብሎ አየኝና፥

«ጌታዬ፥ ከማዶው ቤት ቢጠይቁ ይሻላል፤ እዚህ አይመችዎትም» አለኝ።

«ያንተን ነው የምፈልገው» አልሁት። የዱሮውን ነገር ልነግረው ነበር፤ አፌ ተሳሰረ።

ተነሥቶ ጣሳውን ሁለት ጊዜ አለቀለቀ። ሁለተኛውን እኔ እያየሁ፥ ውጭ ወጥቶ ነው ያለቀለቀው። ከዚያ ሞልቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ፥ ጠጣሁ።