ጓሳን የሚከፍተው ማነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልን" አለኝ። ሰላሙ ሲረጋ ከጓደኞቹ ጋር ሆነው ጓሳ ላይ የሁለት ቀን ዝግጅት ሊያደርጉ አስበዋል። ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ የበግ ጥብስ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ሁለት ሺህ ሰው! ለወረዳው የፈቃድ ማመልከቻ አዘጋጅተዋል። አባቱ ግን "እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም" ብለዋል። ሰፈሩም ለሁለት ተከፍሏል።

እኔም ብዙ ሳላስብ "አይሆንም" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና፣ "እሺ ቲቸር። ግን 'አትሰደዱ፣ እዚሁ ሥራ ፍጠሩ' ያሉን እርስዎ አይደሉም?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጓሳን ለማታውቁት፦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ፣ ውርጭ የማይለየው የሳር አገር ነው። ምንጮቹ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ። ጭላዳው ሳሩን ሲነጭ ይውላል። ቀይ ቀበሮውም አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ በመላ አገሪቱም ቁጥሩ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። ወላጆቻችን ቤት የከደኑትም ገመድ የገመዱትም በዚያ ሳር ነው።

ይህ ቦታ ዝም ብሎ አልቆየም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሳሩ ሲደርስ ቀኑ ለሕዝብ ይነገርና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲገባ በእግዚኦታ ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ግን ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሳሩም የማንም ሆነ። ኋላ ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ ነው ያዳነው።

ሌሊት ስገላበጥ የገባኝ ይኼ ነው፦ አባቶቻችን ጓሳን ዘግተውም ከፍተውም ኖረዋል። ቁም ነገሩ ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው የሚለው ነበር።

እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ድግስ አለ፤ የሚካሄደው በአንድ ገበሬ እርሻ ላይ ነው። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው ይገባል። እነሱም ግን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ዓመት ይዘሉና መሬቱን ያሳርፉታል። በፈረንጆች 2018 ድግስ አልነበረም፤ ሜዳው ላሞቹ ነበር የቀረው። ሳነብ "ይኼማ የኛ ቀሮ ነው" ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ መልሼ ደወልኩለት። "ደብዳቤውን እጽፋለሁ፣ ግን እንዲህ ብዬ" አልኩት። ሳሩ ላይ አንድም ድንኳን አይተከልም፤ ከጥብቁ ክልል ውጭ፣ ገብስ በታጨደበት ማሳ፣ ለባለማሳው ተከፍሎ ይሁን። ሰው ከሁለት ሺህ ወደ ሦስት መቶ ይውረድ። የተረፈ ምግብ በዚያው ቀን ይነሣ፤ ፍርፋሪ ውሻ ይጠራል፣ ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮው የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። ማታ ጄኔሬተሩ ይጥፋ። ከሁሉም በላይ፣ የወረዳ ማኅተም ብቻውን አይበቃም፤ ጓሳን የሚጠብቀው ሕዝብ ተሰብስቦ "እሺ" ይበል። "ዘንድሮ ይረፍ" ካለም ይረፍ።

"በሦስት መቶ ሰው ምን እናተርፋለን ቲቸር?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትርፉ ያንሳል። እሱን አልዋሸሁትም።

"ሌላው ይቅር፣ አባዬን ማሳመን ከወረዳው ይከብዳል" ሲለኝ ግን፣ "እንግዲያው ከእሳቸው ጀምር" አልኩት።

ደብዳቤው ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አባትየው "እሺ" ካሉ እፈርማለሁ። የመንዝ ልጆች፣ በተለይ እዚያው ያላችሁ፣ እስቲ ምን ትላላችሁ? ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።