በመልካም ስም ስለሚመጣ ፈተና

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ፈተና ሁል ጊዜ በክፉ መልክ የሚመጣ አይምሰልህ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ክፍል ባሳተመው «የቀለበቶች ጌታ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ፥ የያዘውን ሰው ልብ ቀስ በቀስ የሚያበላሽ አስማት ያለበት ቀለበት አለ። ቀለበቱን የወረሰው ፍሮዶ ለጠቢቡ ለጋንዳልፍ ልስጥህ ቢለው፥ ጋንዳልፍ እንቢ አለ፤ ለደካሞች ያለው ርኅራኄ ራሱ የጥፋቱ በር እንደሚሆን ያውቅ ነበርና። ፍሮዶ ግን ብዙ ከደከመ በኋላ፥ ቀለበቱን ከሚያጠፋው እሳት አፋፍ ሲደርስ መጣል አቃተው፤ የእኔ ነው አለ።

እኔም ከዚህ የተማርሁት፥ ድካሙን ዐውቆ ፈተናን ገና ከደጃፉ የሚመልስ ሰው በብርታቱ ከሚመካው እንደሚሻል ነው። ስለዚህ የዕድራችንን ገንዘብ እንድጠብቅ በተመረጥሁ ጊዜ፥ ሣጥኑ በሁለት ቁልፍ እንዲዘጋ፥ አንዱም በሌላ ሰው እጅ እንዲቀመጥ ለመንሁ። ሽማግሌዎቹ «እናምንሃለን» አሉኝ። እኔ ግን የፈራሁት ስስቴን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን የታመመ ጎረቤት አይቼ፥ «ነገ እመልሰዋለሁ» ብዬ እጄን እንዳልሰድ ርኅራኄዬንም ፈራሁት።

አንተም ሥልጣን ወይም የሰው ገንዘብ በእጅህ ሲገባ፥ ክፉ ሐሳብህን ብቻ ሳይሆን መልካሙንም መርምር።