በገበያው ቦታ ላይ የቆመ መሠዊያ

ዛንዚባር ለጎብኚ ዓይን አትሰስትም። ነጭ አሸዋዋ፣ አረንጓዴ የሚመስለው ባሕሯ፣ ሸራቸውን ወጥረው የሚሄዱት የእንጨት ጀልባዎቿ፣ ከየሱቁ የሚወጣው የቅርንፉድና የቀረፋ ሽታዋ ሰውን ይማርካሉ። ይሁን እንጂ ደሴቲቱ የያዘችው ትልቁ ትምህርት ያለው ከባሕሩ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በአሮጌው ከተማ መካከል ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ በአስጎብኚ እየተመራን ለአንድ ቀን ያየነውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ያየነው ነገር በየቤታችንና በየአጥቢያችን ተሸፍኖ ከሚኖር አንድ ቁስል ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሩን ተሻግረን

ለሥልጠና ዳሬሰላም የሄድን አራት ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች። ሥልጠናው ተጠናቅቆ አንድ ቀን ስለተረፈን በጠዋት ፈጣን ጀልባ ተሳፈርን። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አብሮን የነበረው ወንድም ከዚያ በፊት በባሕር ላይ ተጉዞ ስለማያውቅ ጀልባዋ በተናወጠች ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ነበር፤ እኛም «አሜን» እያልን ሳቅን።

ወደብ ላይ የተቀበሉን አስጎብኚ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ነጭ ቀሚስና ባለ ጥልፍ ቆብ ያደረጉ ሙስሊም አባት ነበሩ። «ካሪቡ» አሉን፤ በስዋሂሊ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ነው። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ከኢትዮጵያ» ስንላቸው ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ለእናንተ የምነግራችሁ ተጨማሪ ነገር አለኝ» ብለው መንገዱን ጀመሩልን።

አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ይባላል፤ የድንጋይ ከተማ ማለት ነው። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። መተላለፊያዎቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ብስክሌት ሲመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግድ ይላል። ዩኔስኮ ከተማዋን በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከሁሉ በላይ ያስደነቁን በሮቹ ናቸው። ወፍራም እንጨት ላይ አበባው፣ የዘንባባው ዝንጣፊ፣ የዓሣው ቅርፊት ተቀርጿል፤ በአንዳንዶቹ መቃን ላይ ደግሞ ዙሪያውን ሰንሰለት ተፈልፍሏል። ሰንሰለቱ የቤቱ ጥበቃ ምልክት ነው ተባልን። ከእህቶቻችን አንዷ ግን እጇን በተቀረጸው ሰንሰለት ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ለምን እንደሆነ ያወቅነው በኋላ ነው።

የኦማን ሰዎች ፖርቱጋሎችን ካስወጡ በኋላ የሠሩትን ምሽግ አየን። ከጎኑ ያለውን «የድንቅ ነገሮች ቤት» የተባለውን ቤተ መንግሥትም አየን። ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ያሠራው ይህ ታላቅ ሕንጻ በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። አስጎብኚያችን ወደዚያ እያመለከቱ «ስሙን አስታውሱ፤ ይህን ሱልጣን በኋላ እንደገና እናገኘዋለን» አሉን።

ቅርንፉዱ ያመጣው

ዳራጃኒ በሚባለው ገበያ አንድ እፍኝ ቅርንፉድ ከጆንያ አንስተው በመዳፋችን ላይ አደረጉልንና «የዚህን ዋጋ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ዋጋውን በሽልንግ የሚነግሩን መስሎን ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቅርንፉድ በደሴቲቱ ላይ መተከል ጀመረ። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ በ1840 ገደማ መቀመጫውን ከመስካት ወደ ዛንዚባር አዛወረ። እርሻው ሲሰፋ የሚተክልና የሚለቅም እጅ አስፈለገ። ነጋዴዎችም እስከ ታንጋኒካና እስከ ማላዊ ሐይቅ ድረስ ዘልቀው ሰዎችን እየያዙና እየገዙ፣ የዝሆን ጥርስ ጭምር እያሸከሙ በእግር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይነዷቸው ነበር። የታሪክ ሰዎች እንደሚገምቱት በ1860ዎቹ በየዓመቱ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ገበያ በኩል ያልፉ ነበር። በመንገድ ላይ የቀሩት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ይህን ስንሰማ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሕዝብ ወይም በአንድ ሃይማኖት ላይ ለመጣል እንቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ቀደም ሲል በ18ኛው መቶ ዘመን በሞሪሸስና በሪዩኒየን ደሴቶች ለነበሩት የሸንኮራና የቡና እርሻዎቻቸው ከዚሁ ጠረፍ ሰው የሚገዙት ፈረንሳውያን ነበሩ፤ የክርስቲያን ስም የነበራቸው ናቸው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግሩን በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ስለራሳቸው ያሉን ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፦ «በአባቴ በኩል ሰው የሸጡ አሉኝ፤ በእናቴ በኩል የተሸጡ አሉኝ። ሁለቱም በእኔ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።»

የግርፋቱ ቦታ

ከገበያው ጥቂት ተራምደን አንግሊካን ካቴድራሉ ግቢ ገባን። የባሪያው ገበያ የነበረው እዚህ ነው። ጣሪያቸው ዝቅ ያሉ ሁለት የምድር ቤት ክፍሎች አሳዩን፤ የሚሸጡት ሰዎች ይታጎሩባቸው ነበር ይባላል። ክፍሎቹ በኋላ ዘመን ለሕክምና ቤት የተሠሩ ናቸው የሚሉ የታሪክ ሰዎችም መኖራቸውን አስጎብኚያችን አልደበቁንም። ውጪ ደግሞ በ1998 ስዊድናዊቷ ቀራጺ ክላራ ሶርናስ የሠራችው ሐውልት አለ። አምስት ሰዎች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በብረት ሰንሰለት ተያይዞ ቆመዋል። ቀና ብለው አያዩም። ጎብኚው ከላይ ቆሞ ቁልቁል ስለሚያያቸው፣ ሳይወድ በገዥው ቦታ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

ገበያው የተዘጋው በጁን 5 ቀን 1873 ነው። ሱልጣን ባርጋሽ ለብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ ቆይቶ፣ እንግሊዞች በባሕር ኃይላቸው ደሴቲቱን እንደሚዘጉ ሲያስፈራሩት ስምምነቱን ፈረመ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ንግድ ሲቃወም የኖረው ሚስዮናዊው ዴቪድ ሊቪንግስተን ግን ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዛሬዋ ዛምቢያ ቺታምቦ በተባለ መንደር አርፎ ነበር። የጸለየበት ነገር መፈጸሙን በምድር ሳለ አልሰማም። አገልጋዮቹ ቹማና ሱሲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ልቡን በዛፍ ሥር ቀብረው፣ ሬሳውን ለወራት ተሸክመው እስከ ባሕር አደረሱት። ቹማ ራሱ በልጅነቱ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። ከዚያ ዛፍ እንጨት የተሠራው መስቀል ዛሬ በካቴድራሉ ውስጥ ይታያል።

ገበያው በተዘጋበት ዓመት በገና ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሥራውን የመሩት ጳጳስ ኤድዋርድ ስቲር ናቸው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ስዋሂሊ በመተርጎምም ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። በ1882 ሲያርፉም ከመሠዊያው ኋላ ተቀበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባሪያዎች ታስረው የሚገረፉበት ዛፍ ነበር። ገዢዎች ሰውዬው ሲገረፍ ይጮህ እንደሆነና እንዳልሆነ አይተው ዋጋ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ ነበር ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። በመሠዊያው ፊት ወለሉ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ክብ አለ፤ ዙሪያው ቀይ ነው። ቀዩ እዚያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው አሉን። ሠሪዎቹ ቢፈልጉ ኖሮ ቦታውን በምንጣፍ ሊሸፍኑት፣ ወይም መሠዊያውን ወደ ጎን ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ምልክት አደረጉበት። ሰው በተገረፈበት ቦታ ላይ የጌታ ማዕድ ይቀርባል፤ ልጅ ልጆቻቸውም ወደዚያ ቀርበው ይቆርሳሉ።

የእኛ ወገኖች

አስጎብኚያችን በወደብ ላይ የቀጠሩንን ነገር የነገሩን ከካቴድራሉ ስንወጣ ነው። በሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሐበሻ ሴቶችም ነበሩ። በዚያ ቤት ያደገችውና በኋላ ክርስቲያን የሆነችው ልዕልት ሳልሜ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለ እነርሱ ጽፋለች። ከአገራቸው እንዴት እንደወጡ ማን ይነግረናል? በፈቃዳቸው እንዳልወጡ ግን እናውቃለን። ከመንደራቸው ነጥቆ ያወጣቸው፣ እስከ ጠረፍም የነዳቸው የሩቅ ሰው ብቻ አልነበረም። የአገር ሰው የአገሩን ሰው ሸጧል።

እኔም ስለ ሌላ የወደብ ከተማ፣ ስለ ምጽዋ ነገርኋቸው። በኢሉባቦር የተወለደ ሂካ የተባለ ልጅ ከእናቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን አስተማሩት። ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ በፊልሞና መልእክት እንደምናውቀው፣ ባሪያ የነበረ ሰው ስም ነው። ይህ አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ሙሉው ታተመ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም ወደ የመን ስትወሰድ በ1886 ከመርከብ ላይ ነጻ የወጣች ልጅ ነበረች። ሰዎች የሸጧቸው ሁለት ልጆች ለሚሊዮኖች የሕይወትን ቃል አወረሱ። አስጎብኚያችን በጸጥታ ሰሙኝና «ይህን ለሌሎች እንግዶችም እነግራለሁ» አሉ።

«ሽምግልና ሲላክ ግን»

የጀልባችን ሰዓት እስኪደርስ ፎሮዳኒ በተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በሩን ስትዳስስ የነበረችው እህታችን ያን ጊዜ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አያቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። እናቷን በአሞሌ ጨው ነው የለወጧት። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፤ ሰፈሩ ግን አልረሳም። ጌታን ከሚያገለግል አንድ ወንድም ጋር ጸልየን ለመጋባት ተስማምተን ነበር። ሽማግሌዎች መረቁን። ከዚያ የእሱ ቤተ ሰቦች ዘሬን አስጠየቁ። ‹አጥንቷ አይሆንም› ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። መዘምራን ውስጥ ስቆም እህት ነኝ፤ ሽምግልና ሲላክ ግን ዘሬ ይቆጠራል።»

ማንም አልመለሰላትም። ሌላኛዋ እህት እጇን ያዘቻት። አማርኛ የማያውቁት አስጎብኚያችን ዕንባዋን አይተው ኖሮ ተነሥተው ሄዱና የሸንኮራ ጭማቂ ገዝተው አመጡላት። «ፖሌ» አሏት፤ «አይዞሽ» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እንበል?

በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ከ80 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ሕጉ ገበያውን ዘግቷል፤ በሳሎናችን የሚነገረውን ግን ሊዘጋው አልቻለም። «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ ስለ ሸክላ ሠሪው፣ ስለ ፋቂው፣ ስለ ቀጥቃጩ የሚባለው ነገር አሁንም በብዙ አካባቢ ጋብቻ ያፈርሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ በአማኞች ቤት ውስጥም መኖሩ ነው። ጌታ ባፈሰሰው ደም አንድ ሆነናል ብለን ከአንድ ኅብስት ቆርሰን ስናበቃ፣ ማዕዱ በተነሣ ማግሥት አጥንት የምንቆጥር ከሆነ ምን ዓይነት ኅብረት ነው?

ብዙ ጊዜ መፍትሔ የሚመስለን ዝም ማለት ነው። «ተዉት፣ ይረሳል» እንላለን። የዛንዚባሩ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረኝ ሌላ ነው። ቁስሉ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርገው የጌታን ማዕድ በላዩ ላይ አቆሙ። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ወላጆች በቤት ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል ለስድብ እንዳይውል ልጆቻችንን እናስተምር፤ የአናሲሞስንና የአስቴርንም ታሪክ እንንገራቸው። እጮኞችን የምታማክሩ ሽማግሌዎች፣ ቤተ ሰብ ዘር ቆጥሮ ሲከለክል «የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወላጆቹን ጠርታችሁ በቃሉ ፊት አነጋግሯቸው። ወጣቶች ሆይ፣ በጸሎት የተቀበላችሁትን ሰው ስለ ወሬ አትተዉ። ይህ የደረሰበት ወገን በመካከላችሁ ካለም ቀርባችሁ ስሙት፤ እንዲረሳው አታስገድዱት።

የተሸጠውን ዮሴፍን ያልረሳ አምላክ በየጓዳው የተዋረዱትንም አይረሳም። እህታችን ዛሬም ታገለግላለች፤ ድምፅዋም ከመዘምራኑ መካከል ይሰማል። ጌታ በቤቱ ያሉትን ሁሉ በልጅነታቸው እንጂ በአጥንታቸው የማንመዝንበትን ልብ ይስጠን። አሜን።