«አይዞህ» የሚል ድምፅ

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው በሠለጠነው ጋላቢ ላይ ነው። ጀማሪው ግን እዚህ ግምጃ ቤት ሜዳ ላይ ከፈረስ ይወድቃል። ከሳቁበት ልጓሙን ለሌላ ሰጥቶ ይሄዳል፤ አንድ ጎልማሳ «አይዞህ ልጄ» ካለው ተመልሶ ኮርቻው ላይ ይወጣል።

በቤት ኅብረታችን አንድ አዲስ ወንድም አፉን የፈታበትን አውንጊ ከአማርኛ እየቀላቀለ ጸለየ። ከጥግ ሳቅ ተሰማ። ከ«አሜን» በኋላ ደግሞ አንድ ሰው በሁሉ ፊት አረመው። እርማቱ ልክ ነበር፤ የከፋው ቃናው ነው። ወንድማችን መምጣቱን አልተወም፣ ግን ለወራት አንዲት ቃል አልወጣውም። (እኛ መጋቢዎች የቀረውን እንቆጥራለን እንጂ መጥቶ ዝም ያለውን ማን ይቆጥራል?)

አጵሎስ በኤፌሶን ምኩራብ በድፍረት ሲናገር የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ በጉባኤ መካከል አላቋረጡትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የጎደለውን አስረዱት (ሐዋ. 18)። ወደ አካይያ ሲሻገርም ወንድሞች እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት።

ወንድማችንን ቡና አፍልተው ቤታቸው የጠሩት አንዲት እናታችን ናቸው። ስለ እርማቱ ምንም አላነሡም፤ በአውንጊ ጸለዩለት። ባለፈው ረቡዕ ጸሎቱን የከፈተልን እሱ ነው፣ በአውንጊ።