ዘርና ፊደል

በየጁቤ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት የልጅን ስም መሳት ሲጀምሩ «ጃጁ» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሴት አያቴ ጋብቻ በታሰበ ቍጥር ሰው ዘር ሊያስቈጥር የሚመጣባቸው፥ እስከ ሰባት ቤት ሳይደናገሩ የሚቈጥሩ ሴት ነበሩ። ዛሬ እናቴን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል።

ዘር በእናትም በአባትም እንደሚቈጠር እሳቸው ያውቁ ነበር። ሳይንስም ይህንኑ ይላል። ስብን በደምና በአንጎል ውስጥ የሚያመላልስ አፖኢ የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱን የሚያዘው ዘረ መል 2፥ 3 እና 4 የሚባሉ ሦስት ዋና ዋና ዐይነቶች ሲኖሩት፥ እያንዳንዳችን አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት እንወርሳለን። 4ኛው ዐይነት ለአልዛይመር፥ ማለት ለመርሳት በሽታ፥ እንደሚያጋልጥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ታወቀ።

እንግዲህ እኔና ወንድሜ ከአንድ ምንጭ ቀድተናል። ታዲያ ዕዳችን እኩል ነውን? በ2017 የ58 ሺህ ያህል ሰዎች ማስረጃ ተሰብስቦ ሲመረመር፥ አንድ 4ኛ ዐይነት የያዙ ወንዶችና ሴቶች ከ55 እስከ 85 ዓመት ባለው ዕድሜ በጠቅላላው እኩል ያህል ተጋልጠው ተገኙ፤ ከ65 እስከ 75 ባለው ግን የሴቶቹ አደጋ በለጠ። ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ እንዳይመስለን፥ በ2004 በታተመ ምርመራ ከ20 እስከ 39 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ታይተው፥ ይህን ዘር የያዙት በአንዳንድ የአንጎል ክፍል የሚያቃጥሉት ስኳር ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። በዚህ ዕድሜ ሴትና ወንድን የሚለየው ነገር ግን ገና በመጠናት ላይ ነው።

ከወንድሞቻችን አንዱ ይህን ሰምቶ «የሴት አንጎል ከጥንቱም ደካማ ነው» ቢል ይሳሳታል። ዘር ብቻውን ፍርድ አይደለም። በናይጄሪያ በኢባዳን ከተማ በዮሩባዎች ላይ በተደረገው ጥናት ይኸው ዘር ያሳየው ጉዳት ከአሜሪካኖቹ ያነሰ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤም በ2024 ሊወገዱ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ቈጥሮ፥ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብሏል። ከነዚያ አንዱ የትምህርት ማነስ ነው።

አያቴ ዘር ቈጠሩ እንጂ ፊደል አልቈጠሩም፤ ወንድማቸው ግን ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ዘሩን ያከፋፈለን ተፈጥሮ ነው፤ ፊደሉን ያዳላነው ግን እኛው ነን። ስለዚህ በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ታናናሽ እኅቶቻችን ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ወላጆቻችንን እንሟገት።