ማርሽ በማትቀይር መኪና ጊቤን መውረድ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ያልተሳፈርኩበት የመኪና ዓይነት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተማሪ ሳለሁ በአውቶቡስ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በወባ ማጥፊያ ላንድሮቨር፣ ወላድ ይዤ በአምቡላንስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቡና በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተመላልሼበታለሁ። ባለፈው ኅዳር ግን በራሴ መኪና፣ ራሴ እየነዳሁ፣ ለዚያውም ማርሽ በማይቀየርባት ሃይብሪድ ሄድኩ። “ዳገት ትወጣለች? ቁልቁለት ላይ አትለቅም?” እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ ያየሁትን እንዳየሁት ላጫውታችሁ።

ከመኪናዋ በፊት ጉልበቴን ላስተዋውቅ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ቆሜ ነው፤ ግራ ጉልበቴ አልቋል። ከሁለት ዓመት በፊት በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮን መርገጥና መልቀቅ ሥቃይ ሆነብኝ። ልጆቼ “እማዬ ይብቃሽ፤ ከእንግዲህ ሹፌር ይያዝልሽ” አሉ። እኔ ግን አሮጌዋን መኪና ሸጬ ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ገዛሁ። ይቺ መኪና ግራ እግር አትጠይቅም። ልጆቼም “ለከተማ ትሁንሽ፤ ጊቤን ግን በሷ እንዳትወርጂ” ብለው ተስማሙ።

ጅማ ደግሞ ሰው አለኝ። በጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት አብረን የተማርን፣ አንድ መኝታ ክፍል የከረምን ጓደኛዬ እዚያ ናት። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከቤት አትወጣም። ንግግሯም ስለሚጎተት በስልክ ብዙ አንጨዋወትም። ሰው እንዲህ ሆኖ ሳለ “ጉልበቴን ያመኛል” ብሎ መቅረት አይሆንም።

አብረውኝ የሄዱት ጎረቤታችን ናቸው። አርባ ዓመት የወባ መኪና የነዱ፣ አሁን ከሰባ አምስት ያለፉ ሹፌር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ልጆቼ እሳቸውን ይዤ እንደምሄድ ሲሰሙ ነው ልባቸው ትንሽ የረጋው። ጋሼ ግን መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ “ሲስተር፣ ማርሽ የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ልጓም የሌለው በቅሎ ነው” አሉኝ። እንዲህም እያሉ ገቡ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። ፍሬን ረግጬ ቁልፉን ስጫን ዳሽቦርዱ ላይ “ሬዲ” የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ በራ። ሌላ ድምፅ የለም። ጋሼ “አልተነሣችም እኮ” አሉ። መሄድ ስትጀምር እጃቸው የበሩን እጀታ ያዘ። ሃይብሪድ መኪና ቀስ ስትል በኤሌክትሪክ ሞተሯ ብቻ ትሄዳለች፤ የቤንዚኑ ሞተር የሚነሣው ጉልበት ሲፈለግ ወይም ባትሪው ዝቅ ሲል ነው። በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል እስክንወጣ ከአይሱዙና ከሲኖ ትራክ ኋላ እየቆምን፣ ትንሽ እየተንፏቀቅን ነበር። ሌላ መኪና ቆሞ ቤንዚን በሚያቃጥልበት ሰዓት የኔዋ ሞተሯን አጥፍታ ትጠብቃለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ፣ በሌላ መኪና ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ሃይብሪድ ከረጅም መንገድ ይልቅ በከተማ የበለጠ የሚቆጥበው።

ዝምታዋ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በመንገዳችን ላይ ሰው በጆሮው ነው የሚሻገረው። ሰበታ ላይ አንዲት እናት ማዳበሪያ ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላቸው በኤሌክትሪክ እየተሳብኩ ነው። ከዓመት ዓመት በመኪና የተገጩ ሰዎችን ቁስል ስጠርግ የኖርኩ በመሆኔ ይህን ቶሎ አየዋለሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ከሩቁ አጠር አድርጌ ክላክስ እነካለሁ። አጠገባቸው ደርሶ ማስደንገጥ ደግሞ ወደ መሐል መንገድ ያስገባቸዋል።

ተፍኪን ካለፍን በኋላ የበቾ ሜዳ ተዘረጋ። በኅዳር ጤፉ ቢጫ ለብሶ፣ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያፈዛል። ሜዳው ላይ መኪናዋ እንደማንኛውም መኪና ናት፤ የቤንዚኑ ሞተር ይሠራል፣ የኤሌክትሪኩ ያግዘዋል። ጋሼ ዝምታው ሰለቻቸውና “ካምቢዮው የት ነው ያለው?” ብለው ጠየቁኝ።

ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው። ሲቪቲ የሚባለው ደረጃ የሌለው ካምቢዮ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ነገር የለውም። በተለመደው ሲቪቲ ውስጥ ሁለት መዘውሮች በብረት ቀበቶ ተያይዘው፣ አንዱ ሲሰፋ ሌላው እየጠበበ ፍጥነቱን ያለ ደረጃ ይለውጣሉ። የቶዮታ ሃይብሪድ ግን ስሙን ነው እንጂ አሠራሩን አልወሰደም፤ ቀበቶም የለውም። መሐል ላይ አንድ ጥርስ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ደግሞ ሁሉን የሚያቅፍ ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። ፀሐይና ፕላኔቶቿ እንደማለት ነው። የቤንዚን ሞተሩና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በዚህ ጥርስ ተያይዘው ጉልበቱን ይከፋፈላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበችው ከመጀመሪያዋ ፕሪየስ ጀምሮ የመጣ ዘዴ ነው። ፍሪሲዮን የለም፤ ስለዚህ የሚቃጠል ፍሪሲዮንም የለም። ጋሼ ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው ጥርሱ አልጠፋም፤ ቀያሪው ሰው ነው የጠፋው” አሉ። ልክ ናቸው።

ወሊሶ ላይ ቁርስ በልተን፣ ጉልበቴን ዘርግቼ፣ ወደ ወልቂጤ አለፍን። ከወልቂጤ ወዲያ መሬቱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ የወንዙ ድልድይ ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ትንፋሽ 800 ሜትር ገደማ መውረድ ማለት ነው። በወጣትነቴ እዚህ አካባቢ ስሠራ ፍሬን የጋለበት መኪና ሽታውን ከሩቅ እናውቀው ነበር። ከሽታው በኋላ አንዳንዴ ቃሬዛ ይከተላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚለቁት ሹፌሮች ይበዙ ነበር፤ ዛሬም አልጠፉም።

ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ቀና ብለው ተቀመጡ። “ሲስተር፣ የኛ ሕግ አንድ ነው፤ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። አንቺ በየትኛው ልትወርጂ ነው?”

መልሱ ማንሻው ላይ ከዲ ቀጥሎ ያለው “ቢ” የሚል ፊደል ነው። መጀመሪያ በዲ ወረድኩ። እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሣ የባትሪው ሥዕል እየሞላ መጣ። ገና ግማሽ መንገድ እንኳን ሳንደርስ እስከ ላይኛው መስመር ሞላ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ የዚህች መኪና ባትሪ ግን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳን አይዝም። ገሚሱን ነፋስና ጎማ ቢወስዱትም ቀሪው ለባትሪው ብዙ ነው። ባትሪው ሲሞላ በኤሌክትሪክ መያዙ ይቀንሳል፤ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ያን ጊዜ ነው ቢ የሚያስፈልገው። እኔም አስገባሁት። የቤንዚኑ ሞተር በድንገት ጮኸ። ቤንዚን አያቃጥልም፤ አየር እየጨመቀ መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታል እንጂ።

ጋሼ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ከዚያ መቀመጫቸው ላይ ተደግፈው “ይቺማ ሁለተኛ ማርሽ ናት!” አሉ። የበሩን እጀታም ለቀቁ። ድልድዩ ዘንድ እስክንደርስ ፍሬን የነካሁት ለጠመዝማዛ ቦታ፣ ለከብትና ለአንድ ባጃጅ ብቻ ነው። ወርደን ጎማውን ስናሸት የተቃጠለ ነገር የለም።

ጊቤ ሙቀቱ ያው ነው። ወንዙ ግራና ቀኝ ግራሩን አሰልፎ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ይህ ሸለቆ ለሰው በወባ፣ ለከብት በገንዲ የሚታወቅ ነው፤ ጋሼ በዲዲቲ መርጫ የዞሩባቸውን መንደሮች በጣት እያሳዩኝ የአንዳንዶቹን ስም ረስተው ተናደዱ። እዚህ ጋ ለመኪናዋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ከመንገደኛው ክፍል የሚስበው አየር ነው። ወንበሩ አጠገብ ያለችውን የአየር መሳቢያ ጋቢ ወይም ከረጢት ከጣሉባት ትታፈናለች። በቆላ መስኮት ዘግቶ ማቀዝቀዣ መክፈት ለባትሪውም ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ወደ ሰኮሩ የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። ለማኑዋል ሹፌር የዚህች መኪና አስቸጋሪ ባህሪ የሚወጣው እዚህ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይጮህና በዚያው ድምፅ ይቀራል። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ አይልም። እኛ ደግሞ ድምፅ ሲበዛ ማርሽ መቀየር የለመድን ነን። ጋሼ ግራ እግራቸው ባዶ ወለል ረገጠ፤ “ኧረ ቀይሪላት፣ አስጮሽኳት!” ይሉኛል። ሞተሩ ግን እየተሠቃየ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ለዳገቱ የሚበቃውን ዙር መርጦ ይዞት ነው። ነዳጁን ትንሽ ላላ ሲያደርጉለት ድምፁ ይረግባል፣ ፍጥነቱ ብዙም አይጎድልም። ባትሪው ሲቀንስ ግን እገዛው ስለሚደክም ዳገት ላይ ረጅም የጭነት መኪና ለመቅደም መቸኮል አይገባም። እኛም ከአንድ ተሳቢ ኋላ ተከትለን በእርጋታ ወጣን።

ወደ አሰንዳቦ ስንቃረብ የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ከመንገዱ ታየን። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ይህ ኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጋሼ ሐይቁን አይተው “ይሄም እንደ መኪናሽ ነው፤ ቁልቁለቱን ያጠራቅማል” አሉ። ልዩነቱ የኔዋ ከግድቡ መብራት አትቀዳም፤ ሶኬት የላትም። የምትበላው ቤንዚን ነው፣ የምትቆጥበው ደግሞ ከራሷ መንገድ ነው።

ጅማ ስንገባ ቆጣሪው ለ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ 5.1 ሊትር ይላል፤ በጠቅላላው 18 ሊትር ያህል ማለት ነው። ጉልበቴ አላበጠም። ለኔ ከሊትሩ የበለጠው ይሄ ነበር።

በማግስቱ ጓደኛዬን ከፊት ወንበር አስቀምጬ ወደ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮረብታው ላይ አለ። ከቤት ከወጣች ስንት ወር ሆኗታል። ደርሰን መኪናዋን ከእንጨቱ ሰገነት ፊት ለፊት አቆምኩ፤ ጅማ ከታች በዛፍ ተሸፍና ትታያለች። ጓደኛዬ ረጅም ሰዓት ዝም ብላ አየች። ከዚያ ቃሉን እየጎተተች “አጠፋሻት?” አለችኝ። “አላጠፋኋትም፤ ዝም ብላ ነው” አልኳት። ከንፈሯ በግራ በኩል ብቻ ፈገግ አለና “እንደኔ” አለች።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ እነዚህን ያዙልኝ። ቁልቁለት ላይ ፎሌ አታስገቡ፤ ልጓሙንም ታጣላችሁ፣ ባትሪውም አይሞላም። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቢ አስገቡ። ኮፈኑን ስትከፍቱ የምታዩትን ብርቱካናማ ገመድ አትንኩ፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። አደጋ ላይ ለእርዳታ የምትደርሱም ድምፅ ስለሌለ ጠፍታለች አትበሉ፤ በቁልፏ አጥፉ፣ ከዚያ ሰውየውን አንሡ።

ስንመለስ ጊቤን ያለፍነው ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በማለዳ ነው። ወልቂጤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ ጋሼ አልተናገሩም፤ ግራ እግራቸውን ግን አየሁት፣ አሁንም ፍሪሲዮን ይፈልግ ነበር። ልጆቼ ቤት ስደርስ “እንዴት ነበር?” ብለው የጠየቁት እሳቸውን እንጂ እኔን አይደለም። “ለፋሲካ ደግሞ እንሄዳለን፤ ጓደኛዋን ቀጥራታለች” ብለው መለሱላቸው።