በሽታን የሚሰማ ሰው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ነገሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው የሚወቅሰው የደበቀውን ብቻ ነው፤ ልናገር ብሎ ሰሚ ያጣውን ሰው አያነሣውም። እኛ ዛሬ ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰውና እርሱን ለመስማት ስለ ተቋቋመው ሙያ፥ ማለት ስለ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው።

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፥ ፀሐይዋ የበረታ የቆላ አገር ናት። ስሟ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀው በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። ወጣቱ ከየማዕዘኑ መጥቶ ሰልፍና ተኩስ፥ ጥምንና ድካምን መቻል ይማርባታል፤ ለሰላም ማስከበር ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ጓዶችም ሠልጥነውባታል።

በዚያ ሠልጥነው፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተዋግተው የተመለሱ አንድ ሃምሳ አለቃ በድሬዳዋ ጎረቤታችን ናቸው። አካላቸው ደኅና ነው። ነገር ግን ሌሊት እየባነኑ ይነሣሉ፤ በር በኃይል ሲዘጋ ፊታቸው ይለወጣል። ሴት ልጃቸው ተድራ የምትኖረው ሁርሶ ሲሆን፥ የልጅ ልጃቸውን ሄደው አይተው አያውቁም። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «በሁርሶ አልጋችን ጎን ለጎን የነበረ ጓደኛ ነበረኝ። ቆስሎ ውሃ ሲለምነኝ ኮዳዬ ባዶ ነበረ። ወደዚያ አገር በሄድሁ ቁጥር ድምፁ ይመጣብኛል» አሉን። ቀጥለውም፥ «ቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ፤ ጸበልም ተጠምቄአለሁ፤ እስላሙ ጎረቤቴም ዱዓ አስደርጎልኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰው ግን ገና ስጀምር ‹ይርሱት› ይለኛል፤ የሚሰማኝ ባገኝማ ምን እደብቃለሁ!» አሉ።

ይህ የሃምሳ አለቃው ብቻ ዕጣ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1915፥ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና የሳይኮሎጂ ሊቅ በመድፍ ድብደባ መካከል ቆይተው ማየት፥ ማሽተት ወይም ማስታወስ ስለ ተሳናቸው ወታደሮች ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ነው የሚሉ አዛዦች ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ለሚመጣው ለዚህ ሕመም ስም ሰጥቶ በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አገባው።

የሙያው ጅማሬ ግን በትምህርት ቤት በኩል እንጂ በጦር ሜዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1896 አንዲት መምህርት ፊደል ማስተካከል የተሳነውን ተማሪዋን በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ነበረው ወደ ላይትነር ዊትመር ወሰደችው። ዊትመርም በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ሙያውን «ክሊኒካል ሳይኮሎጂ» ሲል ጠራው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ የተመላሽ ወታደሮቿን ብዛት ባየች ጊዜ ባለሙያዎችን በመንግሥት ገንዘብ ማሠልጠን ጀመረች። እንግዲህ ሙያውን የወለደው የመምህር ርኅራኄ ነው፤ ያሳደገው ግን የወታደር ሥቃይ ነው።

የሙያው ሰው ሃምሳ አለቃውን ቢያገኛቸው «ይርሱት» አይላቸውም። አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነቃሉ? ከምን ይሸሻሉ? ሕይወትዎን የማጥፋት አሳብ መጥቶብዎ ያውቃልን? የሰማውንም እንደ ንስሐ አባት በምሥጢር ይጠብቃል። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪሙ ሲሆን፥ የዚህ ባለሙያ መሣሪያ ጥያቄ፥ መመዘኛና ንግግር ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥርዓት ደጋግመው እንዲናገሩት ያደርጋል፤ በዚህም ልቡና ያለፈውን ነገር ያለፈ መሆኑን ይለምዳል። ከዚያም የሚሸሹትን ስፍራ ጥቂት በጥቂት ይቀርቡታል፤ አንድ ቀን እስከ መኪና ተራው፥ ሌላ ቀን እስከ መንገዱ እኩሌታ፥ በመጨረሻም እስከ ልጃቸው ደጅ።

ይህ ሁሉ ጸበሉንና ዱዓውን ለመሻር አይደለም። ሮበርት ጊል የተባለው ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም በአገራችን ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1968 ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮን፥ ማለት በወሊሶ፥ ስለሚደረገው የእምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት ጥናት አሳትሟል። ሕዝቡ ሕመሙን ወዴት ይዞ እንደሚሄድ ሳያውቁ ሕዝቡን ማከም እንደማይቻል የተረዳ ይመስለናል።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚያደርገው ትምህርት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ይህን ለመማር ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ክሊኒካል ሳይኮሎጂን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ነገር ግን የሠለጠነው ሰው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለውም በትልልቅ ከተሞች ተከማችቷል።

ስለዚህ ለሹማምንት የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ ተኩስ የሚያስተምር ባለበት ስፍራ ሁሉ ከተኩስ የተመለሰውን የሚሰማ ባለሙያ ይመደብ። መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» በምትሉበት ጊዜ፥ ቀጥላችሁ «ለማን ይንገረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሆን ይህን ትምህርት ቢመርጡ፥ አገራችን የሚያስፈልጋትን ሰው አገኘች ማለት ነው።